ከባድ ልምምድ በሳምንት ስንት ቀን? ከደባርቅና ከዳባት ደጋ አንጻር

ከባድ ልምምድ የሚባለው ልብ ሊመታ ከሚችለው ከፍተኛ ፍጥነት ከመቶ 85 እስከ 95 እጁ ላይ ደርሶ ለአጭር ጊዜ የሚቆይበት፣ ቀጥሎ በቀስታ እንቅስቃሴ የሚረጋበት፣ ከዚያም ደግሞ የሚነሣበት ልምምድ ነው። አሠልጣኞች ኢንተርቫል ይሉታል። የልብ ምት የሚቆጥር ሰዓት የሌለው ሰው በንግግሩ ሊለካው ይችላል። ሶምሶማ የሚሮጥ ሰው ከጓደኛው ጋር ወግ ይይዛል፤ ጠንከር አድርጎ የሚሮጥ አንድ ዐረፍተ ነገር በግድ ይጨርሳል፤ ከባድ ልምምድ ላይ ያለ ሰው ግን ሁለት ሦስት ቃል ከተናገረ ትንፋሹ ይቆረጣል። ልምምዱ ሩጫ፣ ብስክሌት ወይም ገመድ ዝላይ ሊሆን ይችላል። በስሜን ተራሮች ግርጌ ለሚኖር ሰው ደግሞ ዳገት መቧጠጥ ብቻውን ይበቃዋል።

እንዲህ ያለው ልምምድ በጥቂት ደቂቃ ብዙ ስለሚሰጥ ጊዜ ያጠረውን ሰው ይማርካል። ልብ በአንድ ምት የሚገፋው ደም ይጨምራል፤ በጡንቻ ውስጥ ኦክስጅን ተጠቅመው ጉልበት የሚያመነጩት ማይቶኮንድሪያ ይበረክታሉ፤ ሰውነት ስኳርን የሚጠቀምበት አቅም ይሻሻላል። ይሁን እንጂ ይህ ለውጥ የሚመጣው በሩጫው ሰዓት አይደለም። በሩጫው ሰዓት የሚሆነው ተቃራኒው ነው፤ በጡንቻ ውስጥ የተከማቸው ስኳር ይሟጠጣል፣ የጡንቻ ክሮች ይጎዳሉ፣ የነርቭ ሥርዓቱ ይዝላል። የጎደለው የሚሞላው፣ የተጎዳውም ከቀድሞው ጠንክሮ የሚጠገነው ሰውየው በልቶ ሲያርፍና ሲተኛ ነው። የጡንቻው ስኳር በቂ ምግብ ተገኝቶም ቢሆን ለመሙላት አንድ ቀን ገደማ ይፈልጋል፤ የጡንቻ ሕመም ደግሞ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ይበረታል። በሁለት ከባድ ልምምዶች መካከል 48 ሰዓት ያህል ይለፍ የሚባለው ለዚህ ነው። ሳምንቱ በዚህ ልክ ሲከፋፈል ቢበዛ ሦስት ከባድ ቀን ይወጣዋል፤ ለብዙው ሰው ደግሞ ሁለቱ በቂ ነው።

ይህን ቁጥር የሚደግፉ ጥናቶች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 ኖርዌያዊው ያን ሄልገሩድና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጥናት ወጣቶች አራት ደቂቃ በከባዱ ሮጠው ሦስት ደቂቃ እያረገቡ፣ ይህንኑ አራት ጊዜ እየደጋገሙ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ለስምንት ሳምንት ሠሩ። ሰውነታቸው ኦክስጅን የመጠቀም ከፍተኛ አቅሙ በመቶ 7.2 ጨመረ። ያንኑ ያህል ጉልበት በዝግታ ሩጫ ያወጡት ግን ይህን ያህል ለውጥ አላሳዩም። ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1996 ጃፓናዊው ኢዙሚ ታባታ ያሳተመው ጥናት ሃያ ሰከንድ ሥራ፣ አሥር ሰከንድ ዕረፍት የሚለውን አካሄድ ለዓለም አስተዋወቀ። በዚያ ጥናት ተሳታፊዎቹ በሳምንት አምስት ቀን ሠርተዋል፤ ብዙ ሰውም ይህን ይዞ በየቀኑ ቢሠራ የሚሻል ይመስለዋል። ነገር ግን ተሳታፊዎቹ አስቀድመው የጠነከሩ የስፖርት ተማሪዎች ነበሩ፤ ጥናቱ የቆየው ስድስት ሳምንት ብቻ ነው፤ ከአምስቱ ቀናት የአንዱም አብዛኛው ክፍል መካከለኛ ፍጥነት ነበረው። ይህ የአምስት ቀን አካሄድ ቀኑን ሙሉ ሠርቶ ማታ ለሚለማመድ መምህር ወይም የቀበሌ ሠራተኛ ልክ ሊሆን አይችልም።

የከባድ ቀኖችን ቁጥር ማብዛት ምን እንደሚያመጣም ታይቷል። ፈረንሳያዊቷ ቬሮኒክ ቢያ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመችው ጥናት በሚገባ የሠለጠኑ ሯጮች በመጀመሪያ በሳምንት አንድ፣ ቀጥሎ በሳምንት ሦስት የኢንተርቫል ቀን ሠሩ። በአንዱ ቀን ፍጥነታቸው ተሻሻለ። ወደ ሦስት ሲወጣ ግን ተጨማሪ መሻሻል አልተገኘም፤ በደማቸው ውስጥ ያለው የውጥረት ሆርሞን ብቻ ከፍ አለ። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ በስቶክሆልም የተሠራ ጥናት ጤናማ ሰዎች ከባዱን ልምምድ በየሳምንቱ እየጨመሩ ለዕለታዊ እስኪቀርብ እንዲያበዙት አደረገ። በሦስተኛው ሳምንት ማይቶኮንድሪያቸው የሚሠሩት ሥራ ቀነሰ፤ ሰውነታቸው የደም ስኳርን የመቆጣጠር አቅሙም ተዳከመ። ለጤና ሲባል የተጀመረ ልምምድ ልኩን ሲያልፍ ሊሰጥ የነበረውን ጥቅም መልሶ ሲወስድ ማየት፣ በየቀኑ ካልደከምኩ አልሠራሁም ብሎ ለሚያስብ ሰው ትልቅ ማስጠንቀቂያ ነው።

የኢትዮጵያ ሯጮች አሠራርም ከዚህ አይርቅም። ዓለም በፍጥነታቸው ስለሚያውቃቸው በየቀኑ በፍጥነት የሚሮጡ ይመስላል። በእንጦጦ ጫካ፣ በሱሉልታ ሜዳና በሰንዳፋ መንገድ በማለዳ የሚታየው ግን ሌላ ነው። ብዙው ኪሎ ሜትር በዛፎች መካከል ተከታትለው፣ የፊተኛውን ተረከዝ እያዩ፣ ዘወር ዘወር እያሉ የሚሮጡት ዝግ ያለ ሩጫ ነው። ከባዱ ሥራ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ይመጣል፤ አንድ ቀን ትራክ፣ አንድ ቀን አስፋልት ወይም ኮሮኮንች፣ አንዳንዴም ዳገት። በማግስቱ ወደ ጫካው ለስላሳ አፈር ይመለሳሉ። ኖርዌይ ውስጥ የሚሠራው አሜሪካዊው ተመራማሪ ስቲቨን ሳይለር የቀዛፊዎችን፣ የበረዶ ሸርታቴ ተወዳዳሪዎችንና የሯጮችን ልምምድ መርምሮ ያገኘውም ይኸው ነው፤ ከአሥሩ ልምምድ ስምንቱ ቀላል፣ ሁለቱ ከባድ። ጀማሪዎች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ቀላሉን ቀን ትንሽ ያከብዱታል፣ ከባዱን ቀን ደክመው ስለሚደርሱ ያቀሉታል፤ ሳምንቱ በሙሉ መካከለኛ ሆኖ ያልፋል።

ደባርቅ ላይ ሒሳቡ የሚለወጠው በከፍታው ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ ዳባትም ከ2,500 ሜትር በላይ ናት። በደባርቅ አንድ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚያስገባው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚያገኘው ከሩብ በላይ ያንሳል። ከ1,500 ሜትር ወዲያ በየሺህ ሜትሩ ሰውነት ኦክስጅን የመጠቀም ከፍተኛ አቅሙ በመቶ አሥር ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ ከቆላ ወይም ከውጭ አገር የመጣ የሩጫ ሠንጠረዥ፣ በዚህን ያህል ደቂቃ ይህን ያህል ኪሎ ሜትር የሚለው፣ ደባርቅ ላይ አይሠራም። ሰው የሚለካው በድካሙና በትንፋሹ መሆን አለበት። በየድግግሞሹ መካከል ያለው ዕረፍትም ረዘም ይላል።

የአካባቢው ሰው ለዚህ ከፍታ ባዕድ አይደለም፤ ይህንንም ሳይንስ ከብዙ ጊዜ ጀምሮ ሲያጠናው ኖሯል። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በእንግሊዛዊው ጄፍሪ ሃሪሰን የተመራ ቡድን 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ያሉትን የደባርቅን ሰዎች፣ ከሊማሊሞ ገደል ማዶ 1,500 ሜትር ላይ ከሚኖሩት የአዲ አርቃይ ሰዎች ጋር አነጻጽሮ ውጤቱን በ1969 አሳተመ። ደገኞቹ ደረታቸው ሰፋ ያለ ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2002 ደግሞ አሜሪካዊቷ ሲንቲያ ቢል በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ በ3,530 ሜትር ከፍታ በምትገኘው አምባራስ፣ 236 ሰዎችን መርምራ ዓለምን ያስደነቀ ውጤት አወጣች። የአንዲስ ተራራ ሰዎች ደማቸውን በብዙ ኦክስጅን ተሸካሚ ሄሞግሎቢን አወፍረው ሲኖሩ፣ የአምባራስ ሰዎች ግን የሄሞግሎቢን መጠናቸው በባሕር ጠለል ከሚኖር ሰው ብዙም አይርቅም፤ ደማቸው የተሸከመው ኦክስጅንም ከመቶ 95 በላይ ነበር። ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። ሆኖም ጸጋው ኦክስጅንን የማጓጓዝ እንጂ የተጎዳን ጡንቻ ፈጥኖ የመጠገን አይደለም። በስሜን የተወለደ ሰው ዳገቱ ላይ ከእንግዳው ይልቅ ይበረታል፤ በሁለት ከባድ ቀኖች መካከል የሚያስፈልገው ዕረፍት ግን ያው ነው።

ሌላው መዘንጋት የሌለበት የዕለት ሥራ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንካራ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል። ዕርፍ ጨብጦ ሲያርስ የሚውል፣ እህል ተሸክሞ ገበያ የሚወጣ፣ ከወንዝ ውኃ ቀድታ ዳገት የምትወጣ፣ ሁሉም ይህን ልክ በጥቂት ቀን ያልፉታል። ለእነዚህ ሰዎች ከባድ ልምምድ ልጨምር ማለት ቀድሞ በተሞላ ዕቃ ላይ መጨመር ነው። ከፈለጉም ሥራ ረገብ በሚልበት ወቅት በሳምንት አንድ ቀን ይበቃቸዋል። ልምምዱ በእውነት የሚያስፈልገው ቢሮ ተቀምጦ ለሚውለው፣ ለባጃጅ ነጂው፣ ለባለ ሱቁና ለተማሪው ነው።

በፓርኩ ውስጥ የሚሠሩት አስጎብኚዎች፣ ስካውቶችና በቅሎ ጫኞች ጉዳይ ለየት ይላል። ከጨነቅ ተነሥቶ 4,200 ሜትር ገደማ ያለውን የቧሂትን መተላለፊያ የሚያልፍና ወደ መሸሃ ወንዝ የሚወርድ ሰው፣ በአንድ ቀን ከባድ ዳገት ወጥቶ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁለት ይወርዳል። በማግስቱም 4,533 ሜትር ከፍታ ወዳለው ወደ ራስ ደጀን ይቀጥላል። ጡንቻን ይበልጥ የሚጎዳው ቁልቁለቱ ነው፤ የጭን ጡንቻ እየተለጠጠ ክብደት ሲሸከም ክሮቹ ይበጠሳሉ፣ ሕመሙም ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ይበረታል። እንዲህ ያለ ጉዞ የነበረበት ሳምንት ከባድ ቀኖቹን ጨርሷል። ወደ ደባርቅ ከተመለሱ በኋላ ሁለት ሦስት ቀን በሜዳ ላይ መራመድ እንጂ ሌላ ዳገት አያስፈልግም።

አንድ ከባድ ልምምድ ምን እንደሚመስል በቅርብ ለማየት፣ ከደባርቅ ወደ ሳንቃ በር በሚወስደው መንገድ ላይ በታኅሣሥ ማለዳ የሚወጣን አንድ ሰው ማሰብ ይቻላል። ውርጩ ሣሩ ላይ ስላለ ፀሐይ ሳትሞቅ አይነሣም፤ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ጥሩ ነው። ብርድ ላይ ያለ ጡንቻ ፈጥኖ ስለሚጎዳ ሰውነቱን ለማሟሟቅ ከአሥራ አምስት እስከ ሃያ ደቂቃ በእግሩ፣ ከዚያ በሶምሶማ ይሄዳል። ቀጥሎ መለስተኛ ዳገት መርጦ አራት ደቂቃ ይወጣል። የመጀመሪያዋ ደቂቃ የቀለለች መምሰል አለባት፤ በሦስተኛዋ ትንፋሹ ይጠነክራል፤ አራተኛዋ ስታልቅ ግን አንዲት ተጨማሪ ደቂቃ ለመቀጠል አቅም ሊቀረው ይገባል። የደረሰበትን ቦታ በድንጋይ ምልክት ያደርግበታል። ከዚያ ሦስት ወይም አራት ደቂቃ እየተራመደ ይወርዳል፤ ቁልቁል አይሮጥም። ይህን አራት ጊዜ ይደጋግማል። በአራተኛው ድንጋዩ ጋ ከደረሰ ልኩን ይዟል፤ ብዙ ሜትር ከቀረው የመጀመሪያውን በጣም ፈጥኗል ማለት ነው፣ በሚቀጥለው ጊዜ ይቀንሰዋል። ሲጨርስ አሥር ደቂቃ በቀስታ ተራምዶ፣ ላቡ ሳይበርድበት ጋቢውን ደርቦ ቤቱ ይገባል። ጀማሪ የሆነ ሰው ከአራት ደቂቃ ፋንታ በአንድ ደቂቃ ይጀምር፤ ሰውነቱ የከበደም መሮጥ ሳያስፈልገው ፈጠን ብሎ ዳገት መራመዱ ይበቃዋል።

ከልምምዱ በኋላ በአንድ ሰዓት ውስጥ መብላት ጠቃሚ ነው። ለዚህ ደጋው የሰጠው በሶ አለ። የተቆላ የገብስ ዱቄት በውኃ፣ በጨውና በጥቂት ስኳር ተበጥብጦ ሲጠጣ የተሟጠጠውን የጡንቻ ስኳር መመለስ ይጀምራል። ቀጥሎ የሚቀርበው የባቄላ ወይም የምስር ወጥ የጡንቻ መጠገኛውን ፕሮቲን ያመጣል። ብረት የያዘ ምግብ ለደም አስፈላጊ ስለሆነ፣ በተለይ ለሴቶች፣ ሻይና ቡናን ከምግብ ጋር አያይዞ አለመጠጣት ይመከራል፤ ሁለቱም ብረት ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያግዳሉ።

ሳምንቱን ለማከፋፈል ጾሙን ማየት ግድ ነው። ረቡዕና ዓርብ ለሚጾም የኦርቶዶክስ አማኝ ሁለቱን ከባድ ቀኖች ማክሰኞና ቅዳሜ ማድረግ ይስማማዋል። ማክሰኞ ጠዋት ቢሠራ ረቡዕ ሳይደርስ ቀኑን ሙሉ ይበላል፤ ቅዳሜ ቢሠራ ደግሞ ሁለት የፍስክ ቀን ከፊቱ አለ። ሦስተኛ ቀን የሚፈልግ ሰው ሐሙስን ይጨምራል፤ ሐሙስ ግን በሁለት የጾም ቀኖች መካከል የተቀመጠ ስለሆነ ከሦስቱ ደካማው ነው፤ ድካም ሲመጣ መጀመሪያ የሚሰረዘውም እሱ ነው። በዓቢይ ጾም 55 ቀናት እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ ሰው ወደ አንድ ከባድ ቀን፣ ወደ ቅዳሜ፣ ቢወርድ አይጎዳም። ባዶ ሆድ ይዞ በደጋ ላይ ዳገት መቧጠጥ ራስን ማዞርና መውደቅን ያመጣል። በረመዳን የሚጾም ደግሞ ከባዱን ልምምድ አፍጥሮ ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ ያድርገው፤ ከማፍጠሪያ በፊት ያለው ሰዓት ለእርምጃ ብቻ ይሁን። ለኦርቶዶክስ አማኙ ረቡዕና ዓርብ የማይጾምበት ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ያለው ሃምሳ ቀን ከዓመቱ ሁሉ የተሻለ የማጠንከሪያ ጊዜ ነው። እርሻው ገና አልጠነከረም፣ ክረምቱ አልገባም፣ ምግቡም የተሟላ ነው።

በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡና ጭቃው፣ በኅዳር አጨዳው ልምምዱን ያቋርጣሉ። ይህ የሚያስጨንቅ አይደለም። አሜሪካዊው ሮበርት ሂክሰን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ጥናት በሳምንት ስድስት ቀን ይሠሩ የነበሩ ሰዎች ጥንካሬውን ሳይቀንሱ ወደ ሁለት ቀን ሲወርዱ፣ ያገኙትን አቅም ለአሥራ አምስት ሳምንት ያህል ይዘው ቆይተዋል። ጨርሶ ያቆመ ሰው ግን ከሁለት ሳምንት ወዲያ ማሽቆልቆል ይጀምራል። ስለዚህ በክረምት ቁጥሩን መቀነስ እንጂ ማቆም አይገባም። መንገዱ ቢጨቀይ እንኳ ቤት ውስጥ ገመድ መዝለል ወይም ደረጃ መውጣትና መውረድ ያቆየዋል።

ከቆላ ለትምህርት ወደ ደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወይም ለሥራ ወደ ከተማዋ የመጣ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ከባድ ልምምድ ሳይሠራ ማሳለፍ አለበት። ራስ ምታት፣ የእንቅልፍ መቆራረጥና ቶሎ መድከም የተለመዱ ናቸው፤ በሦስተኛው ሳምንት በአንድ ቀን ይጀምራል። በተቃራኒው ለውድድር የሚዘጋጅ የደባርቅ ወጣት አልፎ አልፎ ወደ ጎንደር ወርዶ የፍጥነት ልምምዱን ዝቅ ባለ ከፍታ ቢሠራ እግሩ በደጋው የማያገኘውን ፍጥነት ይለምዳል። የአዲስ አበባ ሯጮች ወደ አቃቂ የሚወርዱትም ለዚሁ ነው።

ዕድሜ ብቻውን አይከለክልም። በኖርዌይ ትሮንድሄም ከሰባ ዓመት በላይ የሆናቸው ከ1,500 በላይ ሰዎችን ለአምስት ዓመት በተከታተለ ጥናት፣ ከባዱ ልምምድ የተሰጠው ቡድን በሳምንት ሁለት ቀን ያንኑ አራት ጊዜ አራት ደቂቃ ሠርቷል። ከመጀመሩ በፊት ሐኪም ማየት ያለበት ግን ደረቱን የሚያመው፣ የደም ግፊት ወይም የስኳር ሕመም ያለበት፣ በሥራ ላይ ራሱን ስቶ የሚያውቅ ሰው ነው። በኢትዮጵያ በወጣቶች ላይ የሚታየው የሩማቲክ የልብ ሕመም በተለይ ሊታሰብ ይገባል። በልጅነቱ የጉሮሮ ሕመምና የመገጣጠሚያ እብጠት የተመላለሰበት፣ አሁን ደግሞ ዳገት ሲወጣ ከእኩዮቹ ይልቅ ትንፋሹ የሚያጥረው ወጣት፣ ድካሙን ለከፍታው ሰጥቶ ከመሮጥ ይልቅ ልቡን ያስመርምር። ነፍሰ ጡር ሴትም ሐኪሟን ወይም አዋላጇን ሳትጠይቅ አዲስ ከባድ ልምምድ አትጀምርም።

የከባድ ቀኖቹ ቁጥር በዝቶ እንደሆነ ሰውነት ራሱ ይናገራል። ጠዋት ከአልጋ ሳይነሡ የሚቆጠረው የልብ ምት ለብዙ ቀን ከወትሮው ከፍ ብሎ ከቆየ፣ ደክሞት ሳለ እንቅልፍ ከራቀው፣ የምግብ ፍላጎቱ ከቀነሰ፣ ጉንፋን ከተመላለሰበት፣ ወይም ምልክት ያደረገበት ድንጋይ ጋ መድረስ እያቃተው ከሄደ፣ ከባዱን ቀን ሰርዞ ሳምንቱን በእርምጃ ይጨርስ። ትኩሳት ያለበት ሰው ፈጽሞ አይሠራም። ትኩሳቱ ከለቀቀው በኋላ የመጀመሪያው ሳምንት ሶምሶማ ብቻ፣ ሁለተኛው አንድ አጠር ያለ ከባድ ቀን፣ ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ ወደ ሁለት ይመለሳል።